ከውኃው በኋላ ማን ያስተምራቸዋል?

(አዲስ አማኞችን ለሚያስተምሩ አገልጋዮች የቀረበ ንግግር)

ወንድሞችና እኅቶች፣

ስለ ደቀ መዝሙርነት፣ ስለ ጥምቀትና እምነትን ስለ ማስተማር እንድናገር ነው የተጠየቅሁት። ሲሰሙት ሦስት ርእስ ይመስላል። ለያይተን ከያዝነው ግን ሁላችንም የምናውቀው ነገር ይከተላል። ማጥመቁ የአንድ ክፍል ሥራ ይሆናል፣ ማስተማሩ የሌላ፤ ደቀ መዝሙርነት ደግሞ ጥቂት ትጉሃን በትርፍ ጊዜያቸው የሚይዙት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል። ጌታ የሰጠን አንድ አድርጎ ነው። ስለዚህ ወደ ሰጠበት ቦታ እንሂድና ከዚያ እንጀምር።

ማቴዎስ ምዕራፍ 28፣ ከቁጥር 16 ጀምሮ ነው። ደቀ መዛሙርቱ ኢየሱስ ወዳዘዛቸው ወደ ገሊላ ተራራ ወጡ። ዐሥራ አንድ ናቸው። አንዱ ጎድሏል፤ እንዴት እንደጎደለም ሁሉም ያውቃሉ። ባዩትም ጊዜ ሰገዱለት፤ ወንጌላዊው ግን የተጠራጠሩ እንደነበሩ ሳይደብቅ ይነግረናል። ይህችን አጭር ቃል ብዙ ጊዜ ዘለን እናልፋታለን። እኔ ግን ለአስተማሪዎች ስናገር ዘልያት ማለፍ አልችልም። ለዓለም ሁሉ የሚሆነው ተልእኮ የተሰጠው ቁጥሩ ለጎደለ፣ በመካከሉም የሚያመነቱ ላሉበት ቡድን ነው። «ጥያቄዎቼ ሁሉ ከተመለሱ በኋላ ነው ሌላውን የማስተምረው» ብሎ የተቀመጠ ሰው በመካከላችን ካለ፣ ጌታ የእነዚያን ሰዎች ጥያቄ ሁሉ እስኪመልስ አልጠበቀም። ከትእዛዙ በፊት ሥልጣን ሁሉ በሰማይና በምድር የእርሱ እንደሆነ ነገራቸው፤ ከትእዛዙ በኋላ እስከ ዓለም ፍጻሜ ከእነርሱ ጋር እንደሚሆን ቃል ገባላቸው። የእኛ ሥራ በእነዚህ ሁለት ቃሎች መካከል ተይዞ ያለ ሥራ ነው።

ትእዛዙ አንድ ነው፤ አሕዛብን ሁሉ ደቀ መዛሙርት ማድረግ። የሚደረገውም በማጥመቅና በማስተማር ነው። የማስተማሩም ዓላማ ተነግሯል፦ «ያዘዝኋችሁንም ሁሉ እንዲጠብቁ»። ዛሬ የምለው ሁሉ በዚህ ላይ የቆመ ነው። ያዘዝኋችሁን ሁሉ እንዲያውቁ ብቻ አስተምሯቸው ብሎን ቢሆን ኖሮ ሥራችን ምንኛ በቀለለ! ማስታወሻ አዘጋጅተን፣ ጥቂት ምዕራፎች አስተምረን፣ ፈትነን፣ ምስክር ወረቀት ሰጥተን በተገላገልን ነበር። ሰው እንዲጠብቅ ማስተማር ግን ሰውዬው በቤቱ፣ በሥራ ቦታው፣ በገንዘቡና በአንደበቱ መታዘዝ እስኪጀምር አብሮ መሄድን ይጠይቃል። ይህ ደግሞ በአንድ ኮርስ አያልቅም።

አንድ ትእዛዝ ወስደን እንየው። በተራራው ስብከት፣ ማቴዎስ 5፥23-24፣ ጌታ እንዲህ ያለ ነገር ይላል፦ መባህን ስታቀርብ ወንድምህ በአንተ ላይ አንዳች ነገር እንዳለው ትዝ ቢልህ፣ መባህን በመሠዊያው ፊት ተወውና ሂድ፤ አስቀድመህ ታረቅ፤ ከዚያ ተመልሰህ አቅርብ። ይህን ክፍል በአርባ ደቂቃ ማስተማር ይቻላል። መሠዊያው የት እንደነበረ፣ የገሊላ ሰው መባውን ይዞ ኢየሩሳሌም ለመድረስ ምን ያህል መንገድ እንደሚሄድ፣ መባን አስቀምጦ ያን ሁሉ መንገድ መመለስ ምን ማለት እንደሆነ እናብራራለን። ተማሪው ይጽፋል፣ ራሱን ይነቀንቃል፣ ያመሰግናል። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ቁጥር 27 እናልፋለን። ትምህርቱ ተሰጥቷል፤ የታረቀ ሰው ግን የለም።

አሁን ያንኑ ክፍል እንዲጠብቁት አስተምሩ። ምንባቡ ከተነበበ በኋላ ትንሽ ዝም በሉ። እያንዳንዱ ሰው አንድ ስም ያስብ፤ ጮክ ብሎ መናገር የለበትም። ስሙ ለመምጣት ብዙ አይቆይም፤ ፊታቸው ላይ ታዩታላችሁ። አንዱ ብዕሩን ያስቀምጣል፣ ሌላዋ ወደ መስኮቱ ታያለች። ከዚያ ጠይቁ፦ ይህ ሰው በአንተ ላይ ያለው ነገር ምንድን ነው? ልብ በሉ፤ ጥቅሱ የሚናገረው ሌላው በእኛ ላይ ስላለው ነገር ነው፤ እኛ ግን ቶሎ ብለን በሌላው ላይ ወዳለን ቅሬታ እንገለብጠዋለን። ቀስ ብላችሁ መልሷቸው። ቀጥሎም፣ ስታገኘው የመጀመሪያው ዐረፍተ ነገርህ ምን ይሆናል? በወረቀት ላይ ይጻፈው። «አስቀይሜህ ከሆነ ይቅርታ» ብሎ ከጻፈ ይሰርዘው፤ «ከሆነ» ብሎ የጀመረ ሰው የሚያመልጥበትን በር ክፍት አድርጎ ነው የሚሄደው። «ያን ቀን በሰው ፊት ያወራሁብህ ነገር እውነት አልነበረም፤ በድዬሃለሁ፤ ይቅር በለኝ» ወደሚል ቃል እስኪደርስ አግዙት። በሚቀጥለው ሳምንት ስትገናኙ ከቁጥር 27 በፊት የሚቀድመው ጥያቄ «ደወልክ ወይ?» የሚለው ነው። አንዱ ደውሎ ስልኩ ጆሮው ላይ ተዘግቶበታል። አንዷ መልእክቱን ደጋግማ እየጻፈች አጥፍታዋለች። አንዱ ታርቆ መጥቷል፤ ሲናገር ድምፁ ይቆራረጣል። ከዚያ ወዲያ በዚያ ክፍል ያሉ ሰዎች ይህን ጥቅስ የሚያነቡት በሌላ ዓይን ነው፤ ያልታረቁትም ጭምር። አብራችሁ የምትጸልዩበት ነገር በእጃችሁ አለ፤ አልታዘዝ ያለውም ሰው በምን እንደተያዘ ራሱም እናንተም ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ጣልቃ ላስገባ፤ በብርቱ ስለማምንበት ነው። ይህን ስታስተምሩ ግፍ የተፈጸመበትን፣ ምናልባትም አሁንም በአደጋ ላይ ያለን ሰው «ሄደህ ታረቅ» ብላችሁ ወደ በዳዩ ብቻውን አትላኩት። ጥቅሱ የበደለው ሰው ወደ ተበደለው እንዲሄድ ነው የሚናገረው። ትእዛዝን ሳያስተውሉ ማሸከም ጌታ ፈሪሳውያንን የወቀሰበት ነገር ነው።

ወደ ጉዳዬ ልመለስ። ጌታ ራሱ ያስተማረበትን መንገድ ስናይ ይህንኑ እናገኛለን። ማርቆስ 3፥14 ዐሥራ ሁለቱ የተመረጡበትን ምክንያት ሲነግረን በመጀመሪያ የሚያስቀምጠው ከእርሱ ጋር እንዲኖሩ መሆኑን ነው፤ ለስብከት መላካቸው ቀጥሎ ይመጣል። አብረው በሉ፣ አብረው ተጓዙ፣ በታንኳ ላይ ሲተኛ አዩት፣ ከለምጻም ጋር ሲነጋገር አዩት፣ ሲደክመው አዩት። በሉቃስ 11 ላይ ደግሞ የጸሎት ትምህርት እንዴት እንደተጀመረ ተመልከቱ። እርሱ ራሱ በአንድ ስፍራ ይጸልይ ነበር፤ በጨረሰም ጊዜ ከደቀ መዛሙርቱ አንዱ «ጌታ ሆይ፥ እንጸልይ ዘንድ አስተምረን» አለው። ጥያቄው የመጣው ሲጸልይ ካዩት በኋላ ነው። እኛ ብዙ ጊዜ ስለ ጸሎት አስተምረን ስናበቃ ተማሪዎቻችን እኛ ስንጸልይ ያዩን በመድረክ ላይ ብቻ ነው። ቤታችሁ አስገቧቸው። የጸሎት ሕይወታችሁ የደረቀበት ሳምንት ቢሆንም እንኳ አስገቧቸው፤ በደረቅ ሳምንት እንዴት እንደሚጸለይም መማር አለባቸውና።

አሁን ስለ ጥምቀቱ። በአንዳንድ የዝግጅት ትምህርቶች ጥምቀት ከመመረቂያ ቀን ጋር ይመሳሰልብኛል፤ ተማረ፣ አለፈ፣ ተጠመቀ፣ አበቃ። ሐዋርያው ጳውሎስ በሮሜ 6 የሚናገረው ግን ስለ መቀበር ነው፤ ከክርስቶስ ጋር በሞቱ ተጠመቅን፣ አብረነውም ተቀበርን፣ እርሱ ከሙታን እንደተነሣ እኛም በአዲስ ሕይወት እንመላለስ ዘንድ። «እንመላለስ ዘንድ» የሚለው ሰው ከውኃው ወጥቶ እግሩን የሚያነሣበትን መንገድ ያሳያል። ጥምቀት የሚደመድመው አሮጌውን ሕይወት ነው፤ ትምህርቱን ግን ይከፍተዋል።

ደግሞ የጌታን የራሱን ጥምቀት አስቡ። በዮርዳኖስ ከውኃ ሲወጣ ከሰማይ የመጣው ድምፅ የምወደው ልጄ ይህ ነው አለ። ያን ጊዜ በወንጌሉ ታሪክ ውስጥ ገና አንድ ስብከት አልሰበከም፣ አንድ በሽተኛ አልፈወሰም። በአባቱ ዘንድ ያለው መወደድ ከሥራው በፊት ተነገረ። እርሱ በባሕርዩ ልጅ ነው፤ እኛ ደግሞ በእርሱ በኩል የልጅነትን መንፈስ የተቀበልን ነን። ሥርዓቱ ግን አንድ ነው፤ መወደዱ ይቀድማል፣ መታዘዙ ይከተላል። ይህን የማያውቅ ተማሪ ያስተማራችሁትን ትእዛዝ ሁሉ ለመወደድ የሚከፍለው ዋጋ ያደርገዋል፤ ወይ ይታበያል ወይ ይሰበራል። ስለዚህ ሰው በሚወድቅበት ሳምንት፣ ያንን ትእዛዝ ባልጠበቀበት ሳምንት፣ በማን ስም እንደተጠመቀ አስታውሱት። በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም ተጠምቋል፤ የማን እንደሆነ በዚያ ስም ተነግሮታል። ትእዛዝ የሚጠበቀው በዚያ መሠረት ላይ ነው።

በየስብሰባው የሚነሣ ክርክር አለ፤ ቶሎ እናጥምቅ ወይስ ቆይተን? ሁለቱም ወገን የሚጠቅሰው አለው። በሐዋርያት ሥራ 2 ሦስት ሺህ የሚያህሉ ሰዎች በዚያው ቀን ተጠመቁ። በምዕራፍ 8 ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ በሠረገላው ተቀምጦ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ደረሰበት፤ የሚያነበውን ያስተውል እንደሆነ ጠየቀው፣ እርሱም የሚመራው ሳይኖር እንዴት እንደሚችል መልሶ ጠየቀ። ከዚያው መጽሐፍ ጀምሮ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት፤ ውኃ ባገኙ ጊዜም ወረደና ተጠመቀ። በምዕራፍ 16 የፊልጵስዩስ እስር ቤት ጠባቂ ከቤተሰቡ ጋር በዚያው ሌሊት ተጠመቀ። በሌላ በኩል ብዙውን ጊዜ በሮማው ሂጶሊጦስ ስም የሚጠራው «የሐዋርያት ትውፊት» የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት ጽሑፍ ንዑሳነ ክርስቲያን፣ ማለትም ለጥምቀት የሚዘጋጁ ሰዎች፣ ሦስት ዓመት ቃሉን ይስሙ ይላል። ወዲያው ግን ያክላል፤ ሰውዬው ትጉህ ከሆነ የሚመዘነው ጊዜው ሳይሆን አኗኗሩ ነው። ለጥምቀት ሲቀርቡም የሚጠየቀው መበለቶችን አክብረዋል ወይ፣ በሽተኞችን ጠይቀዋል ወይ የሚል ነው። እዚህም ላይ የሚታየው መጠበቅ ነው።

እኔ በዚህ ላይ ያለኝን አስተያየት በግልጽ ልናገር። ውኃውን ማዘግየት ሰውን አያበስለውም። በአራተኛው መቶ ዘመን ብዙ ሰዎች ከጥምቀት በኋላ ኃጢአት መሥራትን ፈርተው ጥምቀትን ወደ ዕድሜያቸው መጨረሻ ይገፉት ነበር። ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ የተጠመቀው እ.ኤ.አ. በ337 ሊሞት ሲል ነው። በኋላ ታላቅ የቤተ ክርስቲያን መምህር የሆነው አውግስጢኖስ በልጅነቱ በጠና ታሞ ሊጠመቅ ተዘጋጅቶ እንደነበር፣ ሲሻለው ግን እንደተዘገየ ይነግረናል፤ በዚያ ዘመን ስለ ብዙ ወጣቶች «ተወው፣ የወደደውን ያድርግ፤ ገና አልተጠመቀም» ይባል እንደነበርም በሐዘን ያነሣል። እርሱ ራሱ በሚላን በከተማዋ ኤጲስ ቆጶስ በአምብሮስዮስ እጅ የተጠመቀው በ387 በ32 ዓመቱ ነው። ማዘግየት ሰዎችን ወደ ቅድስና አልገፋቸውም፤ ፈቃድ ሰጣቸው እንጂ። በአንጻሩ ቶሎ አጥምቆ ዞር ማለት ደግሞ ሕፃን ወልዶ ደጃፍ ላይ እንደ መተው ነው። በሐዋርያት ሥራ 2 ከሦስቱ ሺህ ቁጥር ቀጥሎ የተጻፈው ነገር በሐዋርያት ትምህርትና በኅብረት፣ እንጀራውንም በመቁረስና በጸሎት ይተጉ እንደነበር ነው። ያን ቁጥር የምንጠቅስ ሰዎች ቀጥሎ ያለውንም እንጥቀስ። ስለዚህ ለእኔ የቶሎና የቆይታ ጥያቄ ሁለተኛ ነው። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰውዬው ከውኃው ሲወጣ የሚጠብቀው ማን ነው የሚል ነው።

የጥንቷ ቤተ ክርስቲያን ይህን ሥራ እንዴት እንደ ሠራችው ለማየት እኔን ሁልጊዜ የሚማርከኝ የኢየሩሳሌም ነው። በ380ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኤጌሪያ የምትባል ሴት ቅዱሳት መካናትን ለመሳለም ሄዳ ያየችውን በአገሯ ላሉ እኅቶቿ ጽፋላቸዋለች። ለጥምቀት የሚመዘገቡት በዐቢይ ጾም መጀመሪያ ነው። ኤጲስ ቆጶሱ በወንበሩ ይቀመጣል፤ ወንዶች ከአባቶቻቸው፣ ሴቶች ከእናቶቻቸው ጋር ሆነው አንድ በአንድ ይቀርባሉ። ኤጲስ ቆጶሱ የሚጠይቀው ጎረቤቶቻቸውን ነው፤ ይህ ሰው አኗኗሩ መልካም ነው? ወላጆቹን ያከብራል? ሰካራም ወይም ሐሰተኛ አይደለም? ጎረቤቶቹ ከመሰከሩለት ኤጲስ ቆጶሱ በገዛ እጁ የሰውዬውን ስም ይጽፈዋል። የሚከሰስበት ነገር ከተገኘ ይወጣና ራሱን አስተካክሎ እንዲመለስ ይነገረዋል። አስቡት፤ ስለ እምነትህ ለመመስከር የመጣኸው አንተ ነህ፣ የሚጠየቀው ግን ከግድግዳው ማዶ የሚኖረው ጎረቤትህ ነው!

ከዚያ በኋላ ትምህርቱ ይጀመራል። በየቀኑ ጠዋት ለሦስት ሰዓት፣ ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ፣ ከኦሪት ዘፍጥረት ጀምሮ ቅዱሳት መጻሕፍትን እያነሣ መጀመሪያ ቃሉን፣ ቀጥሎም መንፈሳዊ ትርጉሙን ያስረዳቸዋል። ከአምስት ሳምንት በኋላ የሃይማኖት መግለጫውን ይቀበላሉ፤ እርሱንም እንደዚሁ አንቀጽ በአንቀጽ ይማሩታል። ኤጲስ ቆጶሱ የሚናገረው በግሪክኛ ነው፤ ነገር ግን ከሕዝቡ ሶርያይስጥ ብቻ የሚያውቁ ስላሉ አንድ ቄስ አጠገቡ ቆሞ ይተረጉማል። ላቲን ብቻ ለሚያውቁትም ሁለቱን ቋንቋ የሚችሉ ወንድሞችና እኅቶች ያስረዷቸዋል። ማንም ሳይገባው እንዳይቀር ይህን ያህል ተደክሟል።

የሚገርመው ደግሞ ትምህርቱ ከጥምቀት በኋላ መቀጠሉ ነው። በትንሣኤ ሌሊት ከተጠመቁ በኋላ ባለው ሳምንት በየቀኑ ተሰብስበው የተቀበሉት ነገር ምን እንደሆነ ይማራሉ፤ ጥምቀቱን፣ ቅብዓቱን፣ ቁርባኑን። በቄርሎስ ዘኢየሩሳሌም ስም የሚታወቁት አምስት ትምህርቶች ለእነዚህ አዲስ ተጠማቂዎች የተሰጡ ናቸው። ኤጌሪያ እንደምትለው ትምህርቱ ሲሰጥ አድማጮች ከደስታቸው ብዛት የሚያሰሙት ድምፅ ከቤተ ክርስቲያን ውጭ ድረስ ይሰማ ነበር። አንድ ነገር ከተለማመዱት በኋላ ሲማሩት እንዲህ ነው። እኛ ከጥምቀት ማግስት ያለውን ሳምንት ባዶ አድርገን መተዋችን የሚያሳዝነኝ ስለዚህ ነው። ሰው በሕይወቱ ከሁሉ ይልቅ ሊሰማን የተዘጋጀበት ሳምንት ያ ነው።

የተጠማቂው ሸክም የማኅበሩም ሸክም እንደነበረ ሌላም ምስክር አለ። ዲዳኬ ወይም የዐሥራ ሁለቱ ሐዋርያት ትምህርት የሚባለው እጅግ ጥንታዊ ጽሑፍ ከጥምቀት በፊት ተጠማቂው ብቻ ሳይሆን አጥማቂውም፣ የሚችሉ ሌሎችም እንዲጾሙ ያዛል። ሰማዕቱ ዮስጢኖስም በሁለተኛው መቶ ዘመን አጋማሽ ላይ ለጥምቀት የሚዘጋጁት ሲጾሙና ሲጸልዩ «እኛም አብረናቸው እንጾማለን እንጸልያለን» ሲል ለንጉሠ ነገሥቱ ጽፏል። አስተማሪ ለተማሪው የማይጾም ከሆነ ገና አስተማሪ ሆኗል ማለት ይከብደኛል።

ሕፃናትን ስለ ማጥመቅና አምነው የሚመጡትን ብቻ ስለ ማጥመቅ በአብያተ ክርስቲያናት መካከል ስላለው ልዩነት ዛሬ አልገባም፤ ርእሴ አይደለም፣ በአንድ ንግግርም አያልቅም። የምለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የማስተማሩ ግዴታ በሁለቱም ወገን እኩል ይከብዳል። ማርቲን ሉተር በ1528 የሳክሶኒን ደብሮች ዞሮ ያየው ነገር ልቡን ሰብሮታል። በማግስቱ ዓመት ባሳተመው ትንሹ ካቴኪዝም መግቢያ ላይ ሕዝቡ ሁሉ ክርስቲያን እንደሚባል፣ እንደተጠመቀ፣ ነገር ግን የጌታን ጸሎት፣ የሃይማኖት መግለጫውንና ዐሥርቱን ትእዛዛት እንደማያውቅ በምሬት ይናገራል። ያዘጋጀውም መፍትሔ አባወራ በቤቱ ለቤተሰቡ የሚያስተምረው አጭር ጥያቄና መልስ ነበር፤ በየክፍሉ የሚደጋገመው ጥያቄም «ይህ ምን ማለት ነው?» የሚል ነው። በሌላ በኩል በጥር 1525 በዙሪክ አምነው እንደ አዲስ የተጠመቁት ሰዎች ያን ያደረጉት ዋጋውን አውቀው ነው፤ ከመካከላቸው አንዱ ፌሊክስ ማንዝ ከሁለት ዓመት በኋላ በሊማት ወንዝ ሰጥሞ እንዲሞት ተፈረደበት። እንዲህ ያለ ዋጋ ከተከፈለበት ወገን የሆነ ሰው ጥምቀትን ያለ ትምህርት ሲሰጥ ማየት ያማል። ሕፃን አጥምቃችሁ ከሆነ ለልጁ የገባችሁት ቃል አለ፤ አዋቂ አጥምቃችሁ ከሆነ ለአዋቂው የገባችሁት ቃል አለ።

ማን ያስተምር? ብዙዎቻችሁ ራሳችሁን ዝቅ አድርጋችሁ ታያላችሁና በሐዋርያት ሥራ 18 ያለውን ባልና ሚስት ላንሣ። አጵሎስ ንግግር አዋቂ፣ በመጻሕፍትም እውቀት የበረታ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ግን የዮሐንስን ጥምቀት ብቻ ነበር። በምኩራብ ሲናገር ጵርስቅላና አቂላ ሰሙት። እነርሱ ድንኳን ሰፊዎች ናቸው። በሕዝብ ፊት አላረሙትም፤ ዝም ብለውም አላለፉትም። ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ ከፊት ይልቅ በትክክል ገለጡለት። ታላቁ ሰባኪ የጎደለውን የተማረው ከሁለት ሠራተኞች ነው፤ ለመማርም አልከበደውም። ከዚያ በኋላ በአካይያ ያመኑትን እጅግ እንደጠቀማቸው ተጽፏል። ጢሞቴዎስም እምነቱ አስቀድሞ በአያቱ በሎይድና በእናቱ በኤውንቄ የነበረ ነው። አያቶች ሆይ፣ እናቶች ሆይ፣ ይህ ሥራ የእናንተም ነው።

የሰለቸው አስተማሪ ደግሞ በመካከላችን አለ። ያንኑ ትምህርት ከዓመት ዓመት መደጋገም ያደክማል። በ400 ገደማ በካርታጎ ዴኦግራትያስ የሚባል ዲያቆን ይኸው ነገር ቢከብደው ለአውግስጢኖስ ጻፈ፤ ስናገር ንግግሬ ለእኔው ለራሴ አይጥመኝም ይላል። አውግስጢኖስ የመለሰለት በቁጣ አይደለም። የእኔም ንግግር ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ለራሴ አይጥመኝም አለው፤ በልብ የበራው ነገር በአንደበት ሲወጣ ይደበዝዛልና። ሰዎች ግን ተማሪ እያመጡልህ ነው፤ አንተ እንዳሰብኸው ቢሆን ኖሮ አያመጡም ነበር። ስለ መደጋገሙም፣ እኛ የለመድነውን ውብ ስፍራ ፈጽሞ ላላየ ወዳጅ ስናሳየው በእርሱ ደስታ የእኛም ደስታ እንደሚታደስ ነገረው። ከዚህ ሁሉ ደግሞ አንድ ቀላል ምክር ጨመረ፤ አድማጭህ ከመቆም ብዛት ቢዝል ወንበር ስጠው፤ እንዲያውም ከመጀመሪያው ቁጭ ብሎ ይስማ። ይህን ያህል ታላቅ አባት ስለ ተማሪው ድካም ማሰቡ ልቤን ይነካዋል። እንዲጠብቁ የምናስተምራቸው ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሲሠሩ ውለው የሚመጡ ናቸው።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ነው። ከዓመታት በፊት የተጠመቁ፣ በየሳምንቱ የሚመጡ፣ ማንም አስቀምጦ አስተምሯቸው የማያውቅ ብዙዎች በመካከላችን አሉ። ጳውሎስ በኤፌሶን ዐሥራ ሁለት ያህል እንዲህ ያሉ ሰዎች አገኘ። መንፈስ ቅዱስን ስለ መቀበላቸው ሲጠይቃቸው መንፈስ ቅዱስ እንዳለ እንኳ አልሰማንም አሉት። አላሳፈራቸውም። «በምን ተጠመቃችሁ?» ብሎ ጠየቀ፣ ሰማቸው፣ የጎደለውን አስተማራቸው። ከዚያም በዚያች ከተማ ተቀመጠ፤ በጢራኖስ የትምህርት ቤት ሁለት ዓመት በየቀኑ ይነጋገር ነበር። በኋላ የኤፌሶንን ሽማግሌዎች ሲሰናበት በአደባባይና በየቤታቸው እንዳስተማራቸው ያስታውሳቸዋል።

ስለዚህ ወደየቦታችሁ ስትመለሱ ያለፉትን ዓመታት የጥምቀት መዝገብ አውጡና ስም በስም እዩት። በእያንዳንዱ ስም አጠገብ ይህን ሰው አሁን የሚያስተምረው ማን እንደሆነ ጻፉ። ባዶ የቀሩትን አንድ ሰው ከሁለት ወይም ከሦስት በላይ እንዳይይዝ አድርጋችሁ ተከፋፈሉ፤ ከዚያ በላይ ከሆነ ቤት ለቤት መሄድ አይቻልም። ስትሄዱ «ለምን ጠፋህ?» ብላችሁ አትጀምሩ። እንዴት እንደሆነ ጠይቁት፣ አድምጡት፣ ከጌታ ትእዛዛት አንዱን አብራችሁ አንብቡ፤ በሚቀጥለው ሳምንትም ተመለሱ። የቀረውን ጊዜ ለጥያቄያችሁ ልተወው፤ በተለይ ይህን ሥራ የጀመራችሁ ካላችሁ የገጠማችሁን መስማት እፈልጋለሁ።